ስለ ስምንት ዓመቱ አምፖልና ስለ እህቴ ወንበር

ለተከበሩ የኃይል ቁጠባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ዐይንዎ፣ ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ እንደምን ሰነበቱ? የቤተሰብዎ ጤና፣ የባልደረቦችዎ ጤና፣ በተለይም በክፍልዎ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የእነዚያ ደማቅ መብራቶች ጤና እንደምን ነው? እኛ ለጤናችን ደኅና ነን። አምፖሎቻችን ግን ሁሉም ዐርፈዋል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው መልስ ስላላገኙ ነው። ይህንንም በወቀሳ አላነሳውም። የታሸገ ደብዳቤ መክፈት የተወሰነ ኃይል ይጠይቃል፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተቋቋመው ኃይል ለመቆጠብ ነው። ስለዚህ ነገሬን ከፍቼ ማቅረብ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሲባል ከመነሻው ልጀምር። ባለፈው ዓመት ሠራተኞችዎ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰው፣ መሰላል ተሸክመው በየቤቱ ዞሩ። የድሮ ባለ ሽቦ አምፖሎቻችንን ከየጣሪያው ነቅለው በጆንያ ከተቱና በምትካቸው እንደ አንጀት የተጠማዘዙ ነጫጭ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ሰጡን። በካርቶናቸው ላይ በትልልቅ ፊደል «ስምንት ዓመት ያበራል» የሚል ተጽፏል። የድሮዎቹም ዳግመኛ ኃይል እንዳያባክኑ በጽሕፈት ቤትዎ መጋዘን ውስጥ እንደሚደቅቁ በድምፅ ማጉያ ተነገረን። ከዚያን ቀን ወዲህ የድሮውን አምፖል መሸጥም መግዛትም በመመሪያዎ ተከልክሏል፤ አዲሱም ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት በቀር የትም አይገኝም። ስለዚህ «ሰውዬው ሄዶ ሌላ አይገዛም ወይ?» የሚል አንባቢ ካለ፣ ሱቁን ካገኘው ለእኔም ይጠቁመኝ።

በቤታችን የምንኖረው አራት ነን። እኔ አለሁ። ባለቤቴ አለች፤ መድኃኒት ቤት ውላ ከመሸ የምትገባ፣ የቀኑን ወሬ ለቅማ የምትመጣ ሴት ናት። አጎቴ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ያገኙትን ነገር ሁሉ ለማስቆም ስለሚወዱ ሰፈሩ «ጋሼ ፍሬን» ይላቸዋል። በመጨረሻም ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምንላት፣ መጽሐፍ ጠራዥ፣ የቤቱ ሁሉ ዋልታ አለች። እትዬ በልጅነቷ ትኩሳት አድሮባት ከዚያ ወዲህ አትሰማም። ትናገራለች፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማውም ከፍ አድርጋ ትናገራለች። የሰውን ቃል ግን የምታገኘው ከከንፈሩ ላይ አንብባ ነው። ይህን ያነሳሁት አንጀትዎን ለመብላት አይደለም፤ አንዲት ነገር ግልጽ እንድትሆንልኝ ነው። መብራት ለእኛ ለሦስታችን ማያ ነው። ለእሷ መስሚያ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ከበዛ ደግሞ ምስጋናዎቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የስምንቱን ዓመት ነገር በሚመለከት። የመጀመሪያውን አምፖል የሰቀልነው የክብር ቦታ ነው ብለን ከምግብ ጠረጴዛችን በላይ ነበር። አምፖሉም ክብሩን ዐወቀ። ማብሪያውን ሲጫኑት እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ወዲያው አይመጣም፤ በመጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ቀጥሎ ያስባል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይደምቃል። ይህንንም አልተቃወምንም፤ እንዲያውም የቤት ሥርዓት አደረግነው። መብራቱ ከበራ በኋላ እትዬ «ደርሷል» እስክትል ድረስ ማንም ወሬ አይጀምርም። ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቴ የቀኑን ወሬ በጉንጯ እንደያዘች ትቀመጣለች፤ አራታችንም አንገታችንን አቅንተን ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። አንድ ጎረቤት መጥረጊያ ሊዋስ ድንገት ገብቶ፣ ጸሎት ላይ ያለን መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ከበሩ ቆሞ ቀረ። እትዬ «ደርሷል» ብላ ስትጮህ ሰውዬው «አሜን» አለ።

ዓመት ሳይሞላ የአምፖሉ እግር ጠቆረ። ከዚያም ይርገበገብ ጀመር። እትዬ የእያንዳንዳችንን ዐረፍተ ነገር ቆርጣ ቆርጣ እያገኘች ጥቂት ከታገሠች በኋላ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ፊታችሁ ይመጣል ይሄዳል፤ ውሸታም ሰው ሁሉ በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ነው መናገር ያለበት» አለች። በማግሥቱ አምፖሉ ጨርሶ ሄደ።

ቤታችን ድረስ የመጡልን ባለሙያዎ ያስረዱንን ሳላመሰግን አላልፍም። ስምንቱ ዓመት ለካ የቤተ ሙከራ ዓመት ኖሯል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ኃይሉ አይዋዥቅም፤ ሙቀቱ ልክ ነው፤ አምፖሉን በየደቂቃው የሚነካው እጅ የለም። ከዚህም ሌላ ስምንት ዓመት የተባለው አማካይ መሆኑን ነገሩን፤ ከአምፖሎቹ ግማሾቹ ከዚያ ቀድመው ያልፋሉ፣ ግማሾቹ ይሻገራሉ። በጣም ተጽናናን። እኛ ቤት የገቡት በሙሉ ከሟቾቹ ወገን መሆናቸው የዕድል ነገር ነው፤ ዕድልን ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ አያድልም። ብቻ ያ ረጅም ዕድሜ የታደለው ግማሽ የማን ቤት እንደገባ ቢጠቁሙን፣ ቤተሰቡን ይዤ ሄጄ እንኳን ደስ ያላችሁ እል ነበር። በዚያውም እትዬ እዚያ ተቀምጣ እራቷን እየበላች ሁለት ቁም ነገር ታወራለች።

ሁለተኛ፤ የበረንዳውን አምፖል በሚመለከት። የጠረጴዛው አምፖል ሲሞት የበረንዳውን አምጥተን በቦታው ለመተካት አሰብን። መሰላል ላይ ወጥቼ የመስታወት ክዳኑን ስከፍት ግን እሱ ቀድሞ ዐርፎ አገኘሁት። ባለሙያዎ ምክንያቱን ወዲያው ነገሩን፤ አምፖሉ ክዳን ውስጥ ሲታፈን በራሱ ሙቀት ይሞታል፤ አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ መስቀልም አይስማማውም። ትክክል ናቸው። በቤታችን ያለው አምፖል ሁሉ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ነው፤ ምክንያቱም ግንበኛው ጣሪያውን ከላይ አድርጎ ነው የሠራው። ይህ የግንበኛው ስሕተት እንጂ የጽሕፈት ቤትዎ አለመሆኑን አምናለሁ። አጎቴ ግን፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ይቅርታ ያድርጉላቸውና፣ ባለሙያዎን «ልጄ፣ መብራቱ እንዲመቸው እኛ ጣሪያ ላይ እንቀመጥ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። ባለሙያዎም ሐሳቡን ለበላይ አካል እንደሚያቀርቡ ቃል ገብተዋል። መልሱን እንጠብቃለን።

ሦስተኛ፤ የመጸዳጃ ቤቱን አምፖል በሚመለከት። ይህኛው በሕይወት ስለነበር ተስፋችን ሁሉ በእሱ ላይ ተጣለ። ወደ ጠረጴዛው ከማዛወራችን በፊት ግን ባለሙያዎ አስጠነቀቁን። ይህን ዐይነት አምፖል ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ዕድሜውን ይበላዋል፤ አንዴ ከበራ ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይመረጣል። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ሰው የሚገባው ለሩብ ሰዓት አይደለም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም። ጋሼ ፍሬን በዚህ ጊዜ ወንበራቸውን ይዘው ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተተከሉ። የገባ ሰው ጉዳዩን ቢጨርስም የአምፖሉ ጊዜ እስኪሞላ ድረስ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ «አውቶቡስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ተቀመጥ» ይላሉ። ባለቤቴ «ጋሼ፣ ሥራ ረፈደብኝ» ብላ ከውስጥ በሩን ብትደበድብ «ከሥራሽና ከባልሽ እህት መስሚያ የቱ ይበልጣል?» ብለው መለሱላት። ነገሩ እውነት ስለነበረ ተመልሳ ተቀመጠች።

ይህም አላዋጣንም። በመጨረሻ በቤተሰብ ስብሰባ ከተመከረበት በኋላ፣ አምፖሉን ከማብራትና ከማጥፋት ለማሳረፍ ሲባል ጭራሽ እንዳይጠፋ ተወሰነ። ቀንም ሌትም በራ። ኃይል ቆጣቢውን ለመቆጠብ ኃይሉን አባከንነው ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ በራሳችን የምንደርስበት አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤትዎ ምክር ውጤት ነው፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። የምናመሰግነው በሌላም ነገር ነው። የቁጥጥር ክፍልዎ ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ በመስኮታችን ብርሃን አይተው፣ «ኃይል በማባከን» የሚል ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ለጥፈው ሄዱ። ከአንድ ጽሕፈት ቤት ሁለት ባለሙያ መጥቶ አንዱ አታጥፉ፣ ሌላው አታብሩ ሲል፣ መንግሥት ቤታችን ድረስ ገብቶ እንደሚያስብልን ተሰማን። ማስጠንቀቂያውን አክብረን አምፖሉን አጠፋን። ወደ ጠረጴዛው አዛውረን ስናበራው ግን አንዴ ብልጭ ብሎ ተሰናበተን።

አራተኛ፤ የመጨረሻውን አምፖል በሚመለከት። ይህ በእትዬ የመጠረዣ ክፍል የነበረው ነው። እትዬ ማታ ማታ በዚያ ብርሃን መጻሕፍት ትሰፋ፣ ጀርባቸውን በማጣበቂያ ትለብድ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት መሰላሉን ራሷ አቁማ ነቀለችውና ይዛ መጣች። «ሥራዬ ቀን ይደርሳል፤ ወሬ ግን ከቀዘቀዘ አይሞቅም» አለች። እኛም ወንድ ልጅ እንደተወለደ ያህል እልል ብለን ሰቀልነው።

ማታ ማታ ግን በሰፈራችን ሁሉም ሰው ምድጃውን ስለሚለኩስ ኃይሉ ይደክማል። አምፖሉ ለጥቂት ሳምንታት እንደ አስም በሽተኛ ሲያጣጥር ከቆየ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ጨርሶ አልበራም አለ። ጽሕፈት ቤትዎ ስንመጣ የኃይል መዋዠቅ የላይኛው ፎቅ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ተባልን። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። እዚያም ኃይሉ ጤነኛ ነው፣ የታመመው አምፖሉ ነው፣ አምፖል ደግሞ የታችኛው ፎቅ ጉዳይ ነው አሉን። በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ደረጃ ሰፊ፣ ንጹሕና ጥሩ መደገፊያ ያለው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መመስከር እወዳለሁ። ከወጣንና ከወረድን በኋላ አብጠርጥረን ዐውቀነዋል።

አምስተኛ፤ አጎቴ ከሞቱት አምፖሎች አንዱን ጥለው ሰበሩት። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ወረቀት እንደሚያዘው፣ በውስጡ ሜርኩሪ ስላለ መስኮት ከፍተን ሁላችንም ከቤት ወጥተን በብርድ ቆምን። በሕይወት እያለ በጨለማ ያስቀመጠን አምፖል ከሞተ በኋላ ደግሞ ከቤታችን አስወጣን። ሌላ የምለው የለኝም።

ክቡር ሆይ፤ «ለአንዲት አምፖል ይህ ሁሉ ወረቀት?» ብለው ሊገረሙ ይችላሉ። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እገረም ነበር። የሚያሳስበኝ ግን አምፖሉ አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

ከጠረጴዛችን በላይ ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ያልሞከርነው የለም። ሻማ አበራን፤ ሻማ ግን ከታች ስለሚያበራ የከንፈርን ጥላ ከአፍንጫ ጥላ ጋር ይደባልቀዋል። በእጅ ባትሪ ሞከርን፤ የሚናገረው ሰው ባትሪውን ወደ ፊቱ አዙሮ ይይዛል። አጎቴ ባትሪውን ከአገጫቸው ሥር ይዘው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሊነግሯት ቢጀምሩ፣ መቃብር ፈንቅሎ የተነሣ ሰው መስለው እትዬ ሳቋን መግታት አቃታት፤ እሳቸውም ተቀይመው ባትሪውን አጠፉ። ባለቤቴ በመጨረሻ የእትዬን እጅ ይዛ በመዳፏ ላይ በጣቷ ፊደል በፊደል ትጽፍላት ጀመር። አሳዛኝ ዜና በዚህ መንገድ ይደርሳል። ቀልድ ግን መዳፍ ላይ ሲጻፍ ይበርዳል፤ እኛ ስቀን ከጨረስን በኋላ እሷ ብቻዋን ትስቃለች፤ ለብቻ መሣቅ ደግሞ ደስ አይልም።

አሁን እትዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መስኮት ሥር ቆማ፣ ድስቱ ሳይበስል ያገኘችውን ቀማምሳ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ባለቤቴ ከሥራ የምትገባው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው በወጉ የሚነጋገሩት። በቀረው ቀን እራት የምንበላው ሦስት ሆነን ነው። የእትዬ ወንበር በቦታው አለ፤ ባለቤቴ ልብስ እንኳ እንዲጣልበት አትፈቅድም። ጋሼ ፍሬን አልፎ አልፎ ረስተው ወደ ወንበሩ ዞረው ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዝም ብለን እንበላለን። እነሆ ስለ ቁጠባ ከተነሣ፣ ቤታችን ውስጥ ከኃይልም በላይ የተቆጠበው ወሬ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ስለተደረገልን አቀባበል። ባለፈው ሰኞ እኔና እትዬ በአካል ቀረብን። እትዬ የመጨረሻውን አምፖል እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልላ በደረቷ ይዛው ነበር። የሌሎቹ ምትክ እንደማይሰጠን ወዲያው ተነገረን፤ ካርቶናቸውን አላመጣንምና። ካርቶን የሌለው ሰው አምፖል እንዳልተሰጠው ይቆጠራል። ሠራተኞችዎ ካርቶኖቹን በዚያው ዕለት ከጆንያው ጋር ይዘዋቸው መሄዳቸውን ብንገልጽም፣ ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ በካርቶኑ ላይ መኖር ነበረበት ተባለ።

የእትዬን አምፖል ግን፣ ካርቶን ባይኖረውም በአካል ስለቀረበ፣ በመሞከሪያው ላይ ሰኩት። በራ። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ እንደሚፍለቀለቅ ሕፃን፣ በጽሕፈት ቤትዎ ያልተዋዠቀ ኃይል ላይ አምሮበት በራ። መዝጋቢዋ «አምፖሉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቤታችሁ ነው» ብለው መልሰው አስረከቡን። ቤቱን ነቅለን በጨርቅ ጠቅልለን ለማምጣት አቅሙ አልነበረንም።

በዚህ ጊዜ እርስዎን ለማነጋገር ለመንን፤ በደግነትዎም ፈቀዱ። ከክፍልዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ እንድንቀመጥ ተደረገ። ክፍልዎ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፤ ሥራዎ ሁሉ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን በማሰብ እንዳሠሩት ከበሩ ላይ ተጽፎ አንብቤያለሁ። እንደዚያ ያለ ብርሃን ከየት እንደሚገኝ እንጃ። ጥላ የለው፣ መርገብገብ የለው፤ በሰው ፊት ላይ ያለችው ሽፋሽፍት ሳትቀር ትቆጠራለች። እትዬ እንኳ «እንዲህ ያለ መብራት ቤታችን ቢኖር ዐሥር መጽሐፍ እጠርዝ ነበር» አለች። እርስዎም ባለሙያዎን ወደ ውስጥ ጠርተው፣ እንዳንረበሽ በማሰብ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ስለ ጉዳያችን መከሩ።

ከዚያም ራስዎ ወጥተው፣ ቀኝ እጅዎን በደረትዎ ላይ አድርገው፣ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ሊረዱን ልብዎ እየፈቀደ ደንቡ ግን እንደማይፈቅድ ነገሩን። እትዬ እንደማትሰማ እያወቁም አልተውዋትም፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ጮኹላት። እሷ ከንፈርዎን ለማየት ወደ ኋላ ስትል እርስዎ ጆሮዋን ተከትለው ወደ ፊት ሲሉ፣ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞራችሁታል። ቆሞ ላየው ጭፈራ ይመስል ነበር። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ለአንዲት መጽሐፍ ጠራዥ ይህን ያህል ሲደክም ማየት ልብ ይነካል። ስለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የስምንቱን ዓመት ይተዉት፤ ያንን ለቤተ ሙከራው መርቀናል። የበረንዳው ጨለማም ተስማምቶናል፤ መጸዳጃ ቤቱንም በዳበሳ ለምደነዋል። ከጠረጴዛችን በላይ የምትሰቀል፣ ሲጫኗት የምትበራ፣ ተዘቅዝቃ መኖር የማይከብዳት፣ ማታ ማታ ኃይሉ ሲደክም ቢጫ ሆናም ቢሆን የምትታገል አንዲት አምፖል ብቻ ትፈቀድልን። እንዲህ ያለች አምፖል በአንድ ወቅት ነበረችን። ሠራተኞችዎ በጆንያ ወሰዷት። ደቅቃ ካልሆነ፣ ወይም የደቀቀችው በቃል ብቻ ከሆነ፣ ብትመለስልን ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ያለንን ሒሳብ ሁሉ ዘግተን ውለታዎን ለልጅ ልጅ እናወራለን። እትዬም ታወራለች፤ እሷ ደግሞ ከጀመረች ማስቆም ለጋሼ ፍሬንም አልተቻላቸውም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ይህንንም ደብዳቤ ያነበቡበትን መብራት ስላስፈጀሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይኸውም በካርቶን ላይ የሚጻፈውን ሳይሆን እውነተኛውን።

የጽሕፈት ቤትዎ ታማኝ ተጠቃሚ፣
በጨለማም ቢሆን አክባሪዎ፣
የእትዬ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ጨርሼ በቀን ብርሃን ካስነበብኳት በኋላ እትዬ አንድ ነገር ጎድሏል አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንገድ ላይ ፀሐይዋ ፊቴን እንድታሳያት ወደ እሷ ዞሬ «በይ እንግዲህ፣ ደንቡ አይፈቅድም አሉ» ብላት፣ «እሱንማ ከመውጣታቸው በፊት ዐውቄዋለሁ» ብላ ሳቀች። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምተው በሩን መዝጋትዎ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር። መስታወት ግን ለእትዬ አፍ ነው፤ በዚያ ላይ ጥላ በሌለው መብራትዎ ሥር ፊትዎን ወደ እኛ አዙረው ነበር። ለባለሙያዎ የነገሩዋቸውን እንዳነበበችው፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነሆ፦ «እኔ ቤት ያሉትንማ ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ወር ነቃቅላ ጣለቻቸው። የድሮዎቹን ከመጋዘን አስወጥቼ ከሰቀልኩ ወዲህ ነው እፎይ ያልነው። ለእነዚህ አንድ ከሰጠን ነገ ሰፈሩ በሙሉ ይሰለፋል። ወጥቼ ደንቡ አይፈቅድም እላቸዋለሁ፤ ሴትዮዋ እንደሆነች አትሰማም።» ባለሙያዎ ምን ብለው እንደመለሱ አልታወቀም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበርና። ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ታይቷል።

አጎቴ ነገሩን ስንነግራቸው ለማመን ስለተቸገሩ፣ ከመስኮት ውጭ ቆመው መስታወቱን ዘግተው ስለ እርስዎ ጥቂት ቃላት ያለ ድምፅ ተናገሩ። እትዬ አንዲት ሳታስቀር ደገመችላቸው። ቃላቱ ለጋዜጣ የሚሆኑ ስላልሆኑ ትቻቸዋለሁ።

መልስዎን ለመጻፍ አይድከሙ። የፊታችን ሰኞ ጧት እኔና እትዬ በዚያው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ እርስዎም እንደ ልማድዎ በሩን ዘግተው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ቢናገሩት ይደርሰናል።